ጠበል የነካው ሬዲዮ

ሬዲዮናችንን የገደለው ጠበል ነው ብዬ ብዙ ዘመን አምኜ ኖሬያለሁ። ሲገድለው በዐይኔ አይቻለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ በዐይኗ ያየችውን ነገር ላስክዳት ብሎ የሚነሣ ሰው ደግሞ ሞኝ ነው።

ቤታችን ጎንደር፣ ልደታ ሰፈር ነበር። ጣሊያን የዘረጋው የመብራት ሽቦ በጭቃው ግድግዳ ላይ ሄዶ ሄዶ ከመደቡ ራስጌ ያበቃል፤ ሬዲዮው የተቀመጠው እዚያ ነው። ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ዳኛው ነው። ዳኛው አዘዞ ጦር ሰፈር ወታደር ነበር፤ ኮንጎ የሚዘምቱት ሲመረጡ ስሙ ወጣና ሊሰናበተን ሲመጣ በማኪና አስጭኖ አመጣልን። ኮንጎ የት እንደ ሆነ አላውቅም። ከወገራ ወዲያ ያለ ቆላ ይመስለኝ ነበር።

«እማየ፣ እስክመለስ ይኸ ያጫውትሽ» አላት እናቴን።

እናቴ ወለተሩፋኤል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች። አባቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዳዊቱን መድገም ጀመረ። የዜማ መምህር ነውና «መሪጌታ ቤት ሣጥን ይዘፍናል» መባሉን ፈርቶ ነው። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ፣ ሬዲዮው በተከፈተ ቁጥር አባቴ የሚያነበው ገጽ አልገለበጥ አለ። ይህን እኔም አይቻለሁ፣ እናቴም አይታለች፤ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ሬዲዮውን የተከለልን ፋንታሁን የሚባል ሰው ነው። ፒያሳ ጠባብ ሱቅ አለው፤ ባርኔጣውን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም፤ ሙያውን በጣሊያን ጊዜ ከአንድ ጣሊያናዊ ነው የለመደው። ስለ ሬዲዮ ሲያወራ ሐኪም ይሆናል፤ «በሽተኛው» ይላል፣ «ሕመሙ» ይላል። ያን ቀን ከሬዲዮው ጀርባ አንዲት የመስታወት ቱቦ መዘዘና ለአባቴ አሳየው። ከጣቴ አንጓ አትበልጥም፤ በውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ አለ።

«ይህች ፊውዝ ናት፣ የኔታ። መብራቱ ከልኩ ሲያልፍ እሷ ትቃጠልና ሣጥኑ ይድናል።»

«ቤዛ ናት በለኛ!» አለ አባቴ።

«እንዳሉ ነው፤ ቤዛ ናት።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሬዲዮውን ትንሽ ወደደው። ስም ያገኘለትን ነገር መጥላት አይሆንለትም ነበር።

ዳኛው ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚሰካውን ሶኬት በካቻቢቴ ፈትቶ ውስጡን ለእናቴ አሳያት። ሁለት ሽቦ አለ፤ ሁለቱም በየቡሎናቸው ታስረዋል። «ከሁለቱ አንዱ ከወለቀ ድምፅ የለም፤ ያን ጊዜ ፋንታሁንን አትጥሪ፣ እንዲህ አድርገሽ እሰሪው» አላት። «እኔ ደግሞ ብለህ ብለህ ከሽቦ ጋር ታታግለኝ?» አለችና በጀርባው መታ መታ አደረገችው። በማግስቱ ዘመተ።

በዚያን ጊዜ ጎንደር መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነበር። መብራት መጣ ሲባል እናቴ እጇን ትታጠብና ጥልፉን ጨርቅ ከሬዲዮው ላይ ገፈፍ ታደርጋለች። መጀመሪያ የሞቀ አቧራ ይሸታል። ከዚያ ሬዲዮው ግንባር ላይ ያለው አረንጓዴ ዐይን ቀስ እያለ ይገለጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ድምፅ ይመጣል። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ከፊቱ ትቀመጣለች። ወሬ ነጋሪው ከሚለው ሁሉ የምትጠብቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ኮንጎ» ሲል እንዝርቷ ይቆማል። ሌላ ወሬ ሲጀምር ይሽከረከራል። ሬዲዮ የሚሠራው ለዚህ ይመስለኝ ነበር፤ የእናቴን እንዝርት ሊያቆምና ሊያስነሣ።

ወር በገባ በመባቻው የንስሐ አባታችን ቄስ ሐብተ ማርያም ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ቤተ ሰቡን በክርስትና ስሙ እየጠሩ ይረጩናል። «ወልደኢየሱስን ጠብቅ፤ ወለተሩፋኤልን ጠብቅ፤ ወለተ ሚካኤልን ጠብቅ።» ወለተ ሚካኤል እኔ ነኝ፤ ለሌላው ሰው ይመኙሽ እባላለሁ። ዳኛው ከዘመተ በኋላ እናቴ ለመነቻቸውና የሱ ፋንታ ለሬዲዮው ሆነ። በዳኛው የክርስትና ስም «ኃይለ ጊዮርጊስንም ባለበት ጠብቅ» ይሉና ጥልፉ ጨርቅ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ቄስ ሐብተ ማርያም ሬዲዮ አይወዱም፤ ግን ለእናቴ ሲሉ ያደርጉታል። እየረጨሁ ካልሰደብኩት የሚሉም ይመስሉ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

የዚያ ወር መባቻ ቄስ ሐብተ ማርያም ቤት ከመግባታቸው በፊት ከአባቴ ጋር ከአጥሩ ሥር ቆሙ። እኔ ከላማችን አጠገብ ኩበት እየቆጠርኩ እጫወታለሁ። አባቴ መቋሚያውን በሁለት እጁ ይዞ ተደግፎታል፤ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሲቆም እንኳ እንደዚያ አይደገፍም።

«እስክትገላገል ድረስ ብቻ ነው» አለ አባቴ። «ከዚያ ወንድሞቿም ከአምባ ጊዮርጊስ ይመጣሉ። በወጉ ይነገራል።»

«መሪጌታ፣ እኔ መዋሸት አይሆንልኝም።»

«ዋሹልኝ አላልኩም፣ አባ። ዝም ይበሉልኝ።»

«ዝምታውን እችላለሁ» አሉ ቄሱ። «ሆድ ይፍጀው።»

ላማችን ልትወልድ ቀርባ ነበር። ስለ ላሟ ነው የሚያወሩት ብዬ ቀንዷን አሻሸሁና «አይዞሽ፣ ቄሱም አይናገሩም» አልኳት። እናቴም በዚያ ሰሞን እየወፈረች ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲጾም ተደብቃ የምትበላ ይመስለኝ ነበርና ለማንም አልተናገርኩባትም።

ቄስ ሐብተ ማርያም ገቡ። አባቴን ረጩ፣ እናቴን ረጩ፣ እኔን ረጩ። ወደ ሬዲዮው ሲዞሩ ግን ጉንፋን ይዟቸው ነው መሰለኝ ጉሮሯቸው ተዘጋ። ሳል ሳል አሉ። ጠብ ጠብ እንደማድረግ እጃቸው ሳተና በዕቃው የያዙትን ጠበል ሁሉ በሬዲዮው ላይ ገለበጡት፤ በጥልፉ ጨርቅ አልፎ በጀርባው ወረደ። እናቴ ቆማ አየችው። አልጠረገችውም።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ሲመጣ ሬዲዮው ዐይኑን አልገለጠም። የጠበል ነገር እንዲህ ነው፤ ሰይጣን ያለበትን አይምርም። እኔ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነበር።

ዛሬ የማውቀውን ነገር አባቴና ቄስ ሐብተ ማርያም በዚያን ቀን «ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም» ብለው ያስቡ ነበር። ዳኛው ኮንጎ ላይ ሞቶ ነበር። ከአዘዞ ጦር ሰፈር የመጣ አንድ መቶ አለቃ ለቄስ ሐብተ ማርያም፣ ቄሱ ደግሞ ለአባቴ ነገሩት። በእኛ አገር መርዶ እንደ ተራ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ አይጣልም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ እስከዚያ ያወቀ ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይውላል። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነችማ የሚያስብ እንጂ የሚናገር የለም። ሐዘን ደረት መድቃት አለው፣ መሬት መውደቅ አለው፤ እናቴ ከዳኛው በኋላ እኔን እስክታገኝ ሁለት አስወርዷታል። በዚያ ላይ ሰፈሩ «የኮንጎ ሟቾች ስም በራዲዮን ይነበባል» ይል ነበር። እውነት ይነበብ እንደ ነበር እስካሁን አላውቅም። አባቴ ግን በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ውኃ ስትወርድ ጠብቆ፣ ከሬዲዮው ጀርባ ያቺን ቤዛ ያላትን የመስታወት ቱቦ ነቀለ።

ያልተጠገነ ሬዲዮ ያስጠረጥራልና ፋንታሁን ተጠራ። አባቴ አስቀድሞ ምሥጢሩን ሊነግረው አስቦ ነበር፤ ፋንታሁን ግን እንደ ልማዱ ሳይታሰብ፣ አመሻሽ ላይ መብራት እንደ መጣ ከች አለ። አንድ አምፖል አለው፤ ከአምፖሉ ሁለት ሽቦ ይወርዳል። እንድቀርብ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ። ሕመም ስንፈልግ ከግድግዳው ጀምረን ወደ በሽተኛው እንሄዳለን። መብራቱ የቀረበትን ቦታ ያገኘ ሕመሙን አገኘ። በሽተኛ አይዋሽም፤ የሚዋሽ አስታማሚ ነው።»

ሽቦዎቹን ከግድግዳው ላይ ሲነካቸው አምፖሉ በራ። «ግድግዳው ጤና ነው» አለ። ቀጥሎ የሬዲዮውን ጀርባ ከፈተና አጎነበሰ። እኔም አብሬ አጎነበስኩ። የፊውዟ ጎጆ ባዶ ነው። የተቃጠለ ነገር የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም። ባዶ።

«የኔታ፣ ይህች ፊውዝ…» ብሎ ቀና ሲል አባቴ ሳለ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ሳል በሳል ነበር። ፋንታሁን አባቴን አየ። ዐይኑን ወደ እናቴ ሆድ መለስ አደረገ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሲያወልቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«…ፊውዟ ተቃጥላለች» አለ። «ትራንስፎርመሩን ይዛው ሄዳለች። ከባድ ሕመም ነው። ዕቃው ከአስመራ ነው የሚመጣ።»

«መቼ ይመጣል?» አለች እናቴ።

«እሱን እንግዲህ… ይቆያል፣ እሜቴ።»

«ይቆይ» አለች እናቴ።

ውሸታም! ባዶ ጎጆ አይቻለሁ እኮ። ፊውዟን ራሱ ኪሱ ከቶ ተቃጠለች ይላል ብዬ ፈረድኩበት። በዚያ ላይ ለዚሁ ሙያው እራት ቀረበለት፤ ሁለት ጊዜ ወጥ አስጨመረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እናቴ አንድ ነገር አልተወችም። መብራት ሲመጣ እጇን ትታጠባለች፣ ጥልፉን ጨርቅ ትገፍፋለች፣ እንዝርቷን ይዛ ከደረቀው ሬዲዮ ፊት ትቀመጣለች። ሬዲዮው ዝም፣ እሷ ዝም። እንዝርቷ ግን አይቆምም። ያን ጊዜ ይህ ልማድ ይመስለኝ ነበር፤ ዶሮ ጭልም ሲል ቆጥ ላይ እንደምትወጣ።

በዚሁ መሀል አንድ ቀን የአባቴን ዳዊት ከማኅደሩ ሳወጣ ያቺ የመስታወት ቱቦ ከማኅደሩ ግርጌ በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘኋት። ፊውዝ መሆኗን አላወቅኋትም። ከዳዊት ጋር የምትኖር ነገር ፊውዝ ልትሆን አትችልም። ከኢየሩሳሌም የመጣ ቅዱስ ነገር ነው ብዬ ተሳለምኳትና ግንባሬንም ጉንጬንም አሸሁባት፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ለብዙ ቀን ሳስበው ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ አልቻለም። እናቴ ማታ ማታ ከዚያ ሣጥን ፊት ስትቀመጥ እያየ ዳዊት መድገም አልቻለም። የሟቾች ስም ወሬውም በሰፈሩ በረደ፤ እንግዲህ ቢከፈት ዘፈን ቢሰማ እንኳ ያጫውታታል ብሎ አሰበ መሰለኝ፤ ፊውዟን በድብቅ መለሳት። ያን ማታ መብራት ሲመጣ አጠገቧ መጥቶ «እስቲ ዛሬ ደግሞ እንሞክረው» አለ። ቁልፉን አዞረ። አቧራው አልሸተተም። ዐይኑ አልተገለጠም። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። እግዜር ለማታለሉ የፈረደበት መሰለው ይሆናል። እኔ ደግሞ ጠበል የገደለውን ማን ሊያስነሣው ብዬ በሆዴ ሣቅሁ።

በማግስቱ ፋንታሁን መጣ። በዚህኛው ጊዜ አባቴ ደጅ ላይ ተቀብሎት በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው፤ ፋንታሁንም «አወቅሁ፣ የኔታ፤ አወቅሁ» አለው። ፊውዟን መመለሱን መንገሩ ነበር። መብራቱ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ሲመጣ ፋንታሁን አምፖሉን አወጣ።

ግድግዳው ላይ በራ። የፊውዟን ጎጆ አየ፤ ፊውዟ አለች፣ ሽቦዋም ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ሶኬቱን ግድግዳው ላይ ሰክቶ አምፖሉን ከገመዱ በዚህኛው ጫፍ፣ ከሬዲዮው ጀርባ ላይ ነካ። አልበራም።

«አሃ» አለ ለራሱ። «አንድ ሕመም አግኝቶ እዚያው የቆመ ሰው ጀማሪ ነው። ከሥሩ ሌላ ነበረ።»

ሶኬቱን ነቀለ፤ ቡሎኑን በካቻቢቴ ፈታና ከፈተው። እኔ ከክርኑ ሥር ነኝ። ከሁለቱ ሽቦ አንዱ ከቡሎኑ ወጥቶ ወደ ኋላ ታጥፏል። ጫፉ ሌላውን እንዳይነካ ተጠቅልሏል። የተጠቀለለው በጥጥ ፈትል ነው፤ ቀጭን፣ ወጥ የሆነ፣ አንድ ቋጠሮ የሌለው ፈትል፤ ዙሩ በዙሩ ላይ ልቅም ብሎ ተደርድሯል።

«ሸጋ» አለ ፋንታሁን በሹክሹክታ።

ቀና ብሎ እናቴን አየ። እናቴ እንዝርቷን እያሽከረከረች ቁልቁል አየችው። ያንኑ ፈትል እየፈተለች ነበር።

«ምነው ፋንታሁን?» አለችው። «አልድን አለ?»

ፋንታሁን ሶኬቱን ገጠመና ቡሎኑን አጠበቀ። «አልድንም አለ፣ እሜቴ። ያው ትራንስፎርመሩ ነው። ዕቃው ከአስመራ ካልመጣ አይሆንም።»

ይኸ ደግሞ ከምችለው በላይ ሆነ። ብድግ አልኩ። «ውሸቱን ነው! አባየ፣ ውሸቱን ነው! ትራንስፎርመር አይደለም፣ ሽቦው ነው የወለቀ! አያ ዳኛው ያሳየን ሽቦ ነው! በፈትል ተጠቅልሏል፣ አይቻለሁ! ይክፈተውና ታያለህ!»

ፋንታሁን ሶኬቱን ወደ ጉያው ሳበ። አባቴ ሣቀና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እኔን ዝም ለማሰኘት ያህል ነበር። «ወዲህ በለው እስቲ፣ እንድትተወን።» ፋንታሁን አልሰጠውም። አባቴ ከእጁ ወሰደና በካቻቢቴው ራሱ ከፈተው።

አባቴ እናቴ የፈተለችውን ፈትል ለሠላሳ ዓመት ያህል ለብሶ ኖሯል። ከሌላ ሴት ፈትል መለየት ለእሱ ድምፅዋን እንደ መለየት ነው። ሶኬቱን በመዳፉ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ፋንታሁን እስኪሰደብ እጠብቃለሁ። አባቴ ቀና ሲል ያየው ፋንታሁንን አልነበረም። እናቴን ነው። እናቴም አየችው። እንዝርቷ ቆሞ ነበር።

ያን ጊዜ ያየሁት ሁለት ሰዎች ሲተያዩ ነው፤ ሌላ ምንም አላየሁም። አሁን ግን በዚያ መተያየት የተባባሉትን አውቃለሁ። አባቴ እሷን ለማዳን ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ ያለውን ሸክም እሷም ለብቻዋ ተሸክማው ከርማለች። ካልተነገራት አታለቅስም፤ ካላለቀሰች ልጁ ይተርፋል። ማንም እንዳይነግራት፣ ሣጥኑም እንዳይነግራት፣ የልጇን ወሬ የጠበቀችበትን ሬዲዮ በገዛ እጇ፣ ልጇ ባስተማራት ዘዴ ዘጋችው። አባቴም እንዳያውቅባት ማታ ማታ ከፊቱ ተቀመጠች።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ» አለች እናቴ ቀስ ብላ፤ «አንዱ ብስል፣ አንዱ ጥሬ። መሪጌታ፣ ዕቃው ከአስመራ እስኪመጣ እንጠብቅ።»

«እንጠብቅ» አለ አባቴ። ድምፁ የዜማ መምህር ድምፅ አልመሰለም። ፈትሉን ሳይነካ ሶኬቱን ገጠመው፤ ቡሎኑን ማጥበቅ አቅቶት ፋንታሁን ተቀበለው።

ከዚያ አባቴ ከመጽሐፉ ቦታ ተነሥቶ መደቡ ላይ ከእናቴ ጎን ተቀመጠ። እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። አመልማሎውን አንሥቶ ያቀብላት ጀመር። እኔ ግን ዓለም ፍርድ የሌላት መሆኗ አስለቀሰኝ፤ ውሸታሙ ፋንታሁን ያን ቀንም እራት ቀረበለት። አልበላም እንጂ። እንደ ተቀመጠ ወጡን ሳይነካ ሄደ። «ባይሆን አፍሯል» አልኩ።

ወንድሜ ክረምት ሊገባ ሲል ተወለደ። ላማችን አስቀድማ ወልዳ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አባቴና ቄሱ ስለ ምን እንዳወሩ መጠርጠር ጀመርኩ። ሰው ሁሉ «ስሙን ማን አላችሁት?» ሲል እናቴ «ይቆይ» ትላለች። ክርስትና ተነሣ፤ አሁንም «ይቆይ» አለች።

አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁ። እናቴ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ሕፃኑን እስኪጠግብ አጥብታ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ታየች ሰጠቻትና ወደ ቤቷ ሰደደቻት። ቤቱ ተጠርጓል። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ቄስ ሐብተ ማርያም ናቸው፤ ከኋላቸው ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት አጎቶቼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቴ ወደቀች። የጮኸችው ጩኸት የዚያን ቀን ጩኸት አልነበረም፤ የወራት ነበር። እኔ ግን ወንድሜ መሞቱን ያን ጊዜ ሰማሁ፤ እሷም ያን ጊዜ የሰማች መሰለኝ። በእግሯ ሥር ወድቄ አብሬያት አለቀስኩ። በሠልስቱ ፋንታሁን መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር፤ እናቴ ስታየው «ኑርልኝ» አለችው፤ ለውሸታም ይህን ማለቷ ገረመኝ። ሐዘንተኛው በተበተነ ማግስት ለሕፃኑ ስም አወጣች። ምትኩ አለችው።

ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ዓመቱ ሞልቶ ጥቁሯን ባወለቀች ማግስት እናቴ ቢላዋ አምጥታ ሶኬቱን ከፈተች። ፈትሉን ዙር በዙር ፈታችው፤ ሽቦውን ከቡሎኑ አሠረችው። መብራት ሲመጣ አቧራው ሸተተ፣ አረንጓዴው ዐይን ቀስ እያለ ተገለጠ። ከአስመራ ዕቃ አልመጣም። አባቴ ዳዊቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ገጹ አልተገለበጠም። ምትኩ አረንጓዴውን ዐይን ሊይዘው ድክ ድክ እያለ ሄደ።

ነገሩን የጠየቅኳት ሸምግላ፣ አባቴም ዐርፎ፣ እኔም የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ፊውዟን እንደ ደበቀ አባቴ ራሱ ነግሮኛል፤ እሷ ግን እንዴት አወቀች? ማን ነገራት?

«ማንም» አለችኝ። «ቄስ ሐብተ ማርያም መባቻውን ጠበል ሲረጩ የዳኛውን ስም ዘለሉት።»

«ጉሮሯቸውን ይዟቸው ነበር እኮ፣ እማየ። አስታውሳለሁ፤ ሳሉ።»

«አዎ» አለች። «ይዟቸው ነበር። የሞተን ሰው ባለበት ጠብቅ ብለው ሊጸልዩ አልቻሉም፤ ቄስ ናቸዋ። ጠበሉን ግን እንዳለ ሰጡት። ያን ያህል ጠበል ለሕያው ሰው አይሰጥም፣ ልጄ።»

እንግዲህ እኔም አልተሳሳትኩም። ሬዲዮውን የዘጋው ጠበል ነበር።

አሁን በመባቻው የእኔ ቤት ይረጫል። የሚመጡት ወጣት ቄስ ናቸው፤ ይቸኩላሉ፣ ብዙ ቤት አለባቸው። ልጆቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ መቀሌ፣ አንዱም የት እንዳለ በስልክ ካልነገረኝ በቀር አላውቅም። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን አንድ በአንድ ሲጠሩ ራሴን ዝቅ አድርጌ እቆማለሁ፤ የመጨረሻው ስም እስኪጠራ ድረስ አልተነፍስም።